የኡሙሀኒ ጥርስና የህንፃው ጉድጓድ

ኡሙሀኒ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራች ሴት ናትና፣ ሰው አፉን እንዴት እንደሚደብቅ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ጥርሱ ካሳፈረው ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል፣ ወይም አገጩን ወደ አንገቱ ይሰበስባል። እሷ ግን የፊት ጥርሶቿ እንደዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ሆነው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ተሸርፎ ሳለ፣ ያስቃት ነገር ካለ ከትከት ብላ ትስቃለች። ማየት የፈለገ ይይ።

እንዲህ የሆነችው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም።

የተወለደችው አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ አንድ የሸንኮራ እርሻ ካምፕ ነው። አባቷ ሥራ ፍለጋ ከወሎ ወርደው እዚያው ቀሩ። ካምፑ መሃል ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ውሃው ኩልል ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ጠዋት ሲቀዳ እንኳ ለብ የሚል ነው። ሠራተኛውን የወንዝ ውሃ ከመጠጣት ስላዳነው ሰው ሁሉ ይመርቀው ነበር። ኡሙሀኒ በተወለደች በሁለት ወሯ እናቷ በወባ ክፉኛ ታማ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ ከክሊኒክ በሚታደል የዱቄት ወተት አደገች። ወተቱ የሚበጠበጠው በዚያው ውሃ ነው።

የወተት ጥርሷ ነጭ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላት የበቀለው ቋሚ ጥርስ ግን ገና ከድዷ ብቅ ሲል ቡናማ ሆኖ መጣ። ከካምፑ ልጆች አብዛኞቹ እንደዚያው ስለነበሩ ማንም በማንም አልሳቀም። መከራው የጀመረው ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ስትመጣ ነው። የክፍሏ ልጆች "ትንባሆ" የሚል ስም አወጡላት። አንዲት አስተማሪ በሰው ፊት አስነስታ አፏን አስከፈተቻት። አክስቷ ደግሞ በከሰልና በጨው ድዷ እስኪደማ እያሹ፣ "ልጅሽን አፏን እንኳ ማጠብ አቃተሽ?" ብለው ለእህታቸው ካምፕ ድረስ መልእክት ላኩ። እናቷ ያን ወቀሳ ተቀብላ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አምና ሞተች። የለም፣ ያንቺ አይደለም የሚላት ሰው አላገኘችም።

ኡሙሀኒ እውነቱን ያወቀችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አንድ መንጋጋዋ አላስተኛ ብሏት ሐኪም ዘንድ በሄደች ጊዜ ነው። ሐኪሙ አፏን ገና እንዳየ፣ "የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነሽ አይደል?" አላት።

"በምን አወቁ?"

"በጥርስሽ። እዚያ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ትንሹ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ጥርሱን ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ እያለ ያበላሸዋል። አንቺ ላይ የደረሰው ሕፃን ሆነሽ ነው። ታጠብሽም አልታጠብሽም ያው ነበር።"

"ታዲያ የእናቴ ጥፋት አይደለም?"

"የእናትሽ? ምን በወጣት!"

ከክሊኒኩ ወጥታ እስከ ጊዮርጊስ በእግሯ እያለቀሰች ሄደች። ሰው ዞር ብሎ ሲያያት ግን አፏን አልሸፈነችም። ከዚያ ቀን ወዲህም ሸፍናው አታውቅም።

ፎቶ ቤት የተቀጠረችው በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቱ ጋሽ አጽብሐ እጇን ወደዱት። በዚያን ጊዜ የፊት ጠባሳና ሽብሽብ የሚጠፋው ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ነበር፤ ኡሙሀኒ ደግሞ እጇ አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን፣ "አንቺ ከመጋረጃው በስተኋላ ብትሆኚ ይሻላል፤ ደንበኛ እንዳይደነግጥ" አሏት።

"ጋሼ፣ ከኋላ የሚፈልጉት እጄን ከሆነ እሺ" አለቻቸው። "ጥርሴን ለመደበቅ ከሆነ ግን እጄና ጥርሴ አብረው ነው የሚሄዱት።"

ጋሽ አጽብሐ ትንሽ አሰብ አደረጉና ባንኮኒው ላይ አስቀመጧት። እሳቸው አርፈው ቤቱ ወደ ልጃቸው ከተላለፈ በኋላ፣ እርሳሱም በኮምፒዩተር ከተተካ በኋላ፣ ያ ባንኮኒ እስከ ዛሬ የኡሙሀኒ ነው።

አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ካረፈ አሥር ዓመት አልፎታል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ውቤ በረሃ ሲወረድ በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ህንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከአንድ ልጇ ከሀጂራ ጋር ትኖራለች። የሀጂራ ባል የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሀጂራ ባለፈው ጥቅምት በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሙስዓብ ተባለ። ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ተመልሳ ስትተኛ የጡቷ ወተት ደረቀ። ከዳነች በኋላ ብዙ ታገለች፤ አልተመለሰም። ሙስዓብ በጡጦ ቀጠለ።

ህንፃው ላይ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው። አንዳንዴም ፈረቃው ይረሳል። ጀሪካን ተሸክሞ አምስት ፎቅ መውጣት የሰለቸው ነዋሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ከተማ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ፣ ሥራ የያዙ እንደሆነ የማይለቁ ሰው። እሳቸው ናቸው በየቢሮው ተንከራተው ፈቃድ ያወጡት፣ ቆፋሪ ያመጡት፣ ጉድጓዱ ውሃ እስኪሰጥ እዚያው አቧራው ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡት። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ፓምፑ ተነሣ፤ በየቤቱ ቧንቧው ቀን ከሌት ይወርድ ጀመር። ግቢው ውስጥ ዳቦ ተቆረሰ። ኡሙሀኒም አብራ አጨበጨበች።

ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው ነገሩ የገባት። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ከቤት የምትወጣው በጥድፊያ ስለነበር ሻይዋን ፎቶ ቤት ነበር የምትጠጣው። አንድ እሁድ ማለዳ ቧንቧውን ከፍታ በኩባያ ቀዳችና ተጎነጨች። የጥር ብርድ መስኮቱን ላብ አልብሶታል፤ ውሃው ግን ለብ ይላል። ደግማ ቀመሰችው። ሃምሳ ዓመት ያልቀመሰችው ነገር ምላሷ ላይ መጣ። ኩባያውን አስቀምጣ ወደ ሳሎን ስትዞር ሀጂራ ሙስዓብን ታቅፋ ጡጦ ታጠባዋለች።

"ሀጂራ፣ ወተቱን በየትኛው ውሃ ነው የበጠበጥሽው?"

"በጉድጓዱ ነዋ። አፍልቼዋለሁ እኮ።"

"ማፍላት ተህዋስ ይገድላል። ይሄኛው የሚሞት ነገር አይደለም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ታች ይቀራል፤ ብሶበት ቁጭ ይላል።"

"እማዬ! ደግሞ የካምፑን ታሪክ ልትጀምሪ ነው?"

"አዎ፣ ልጀምር ነው።"

"አዲስ አበባ እኮ ነው ያለነው! አዋሽ አይደለም።"

"ፍልውሃስ የት አገር ነው?" አለች ኡሙሀኒ። "ከሥሩ ትኩስ ውሃ ያለው ከተማ ላይ ነው የተቀመጥነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። እስኪታወቅ ድረስ ግን ይሄ ልጅ አይጠጣውም።"

ሀጂራ ተቆጣች፤ ኡሙሀኒ ግን ጀሪካን አንሥታ ወጣች። ሥላሴ አካባቢ የምትኖር ጓደኛዋ ካሚላ ግቢ የከተማው ቧንቧ ብዙም አይቋረጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡሙሀኒ በየሁለት ቀኑ አሥር ሊትር እየቀዳች፣ በታክሲ እያጓጓዘች፣ ሦስት ፎቅ እየወጣች ታመጣ ጀመር። ትልቅ ሰው ውሃ ሲጠማው ይጠጣል፤ የጡጦ ልጅ ግን ምግቡም ውሃው፣ ውሃውም ምግቡ ነው። በቀን ሰባት ጡጦ። ያን ትንሽ ገላ አስባ፣ በህንፃው ውስጥ ለገላው መጠን ከእሱ የበለጠ የጉድጓድ ውሃ የጠጣ ሰው እንደሌለ ተረዳች።

በማግስቱ አቶ ከተማን ከበሩ አጠገብ አገኘቻቸው። የውሃው ምርመራ ውጤት በመስታወት ተደርጎ የጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በጣታቸው አሳዩዋት።

"ይኸው፣ ወይዘሮ ኡሙሀኒ። ለመጠጥ ተስማሚ ይላል።"

መነጽሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። "ይሄ ስለ ጀርምና ስለ ድፍርስነት ነው፤ አቶ ከተማ። ፍሎራይድ የሚል መስመር የለውም። አልተለካም።"

"ያልተጠየቀ ነገር ለምን ይለካል?"

"እኔ እየጠየቅሁ ነዋ።"

"ስብሰባ ላይ ያንሡት" ብለው ሄዱ።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ነበር። ኡሙሀኒ ተራዋ ሲደርስ ስለ ካምፑ፣ ስለ ውሃው፣ ወገቡን ማጠፍ አቅቶት ሰው ሲጠራው እንደ ግንድ መላ ሰውነቱን ስለሚያዞረው ታላቅ ወንድሟ ስለ አብዱልሰላም ተናገረች። አርባ ዓመት ያንን ውሃ ጠጥቶ ነው፤ አጥንቱን ነው የያዘው አለች። ከአራተኛው ፎቅ ተስፋሁን የሚባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ለቀልዱ የሚስቅለት ሰውዬ ከኋላ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ጥርሱ እንኳ የሲጋራ ይመስላል፤ በውሃ አናሳብብ!" አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ኡሙሀኒ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች። ከዚያ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ተስፋሁን ፊት ደረሰችና አፏን ከፈተች።

"እየው" አለችው። "ቀረብ በል፣ አትፍራ። በሰባት ዓመቴ እንዲህ ሆኖ ነው የበቀለው። በሰባት ዓመቴ ሲጋራ አጨስ ነበር? ይሄንን ጥርስ ስትስቅበት አንተ የመጀመሪያው አይደለህም፤ በልጅነቴ ለምጄዋለሁ። ልጅህስ ትለምደዋለች ወይ? ስንት ወሯ ነው?"

ተስፋሁን ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። የሦስት ወር ሴት ልጅ ነበረችው። ቢሆንም ስብሰባው ጉዳዩን "ለሚቀጥለው ጊዜ" ብሎ አሳለፈው። አቶ ከተማ መዝገቡን ዘጉ።

የሚቀጥለውን ጊዜ አልጠበቀችም። የውሃ ምርመራ የሚሠራ የግል ላቦራቶሪ ፈልጋ ደወለች። እፀገነት የተባለች ባለሙያ፣ "ፍሎራይድ ለማስለካት በጠርሙስ አያምጡ፤ ከብርጭቆ ጋር አይስማማም። ንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን፤ በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቀው ይሙሉት" አለቻት። ኡሙሀኒ እንደተነገራት አደረገች። በአምስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። እፀገነት ቁጥሩን በእስክሪብቶ ከበበችላት። በሊትር አራት ነጥብ ሁለት ሚሊግራም።

"ስንት ነው መሆን ያለበት?"

"ከአንድ ነጥብ አምስት ማለፍ የለበትም። ለሕፃን ደግሞ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል። የሚጠቡ ልጆች አሉ?"

"የእኔ የልጅ ልጅ በጡጦ ነው።"

"ጡት ቢሆን እናቱ ብትጠጣውም ወደ ወተቱ ብዙም አያልፍም ነበር። የጡጦው ነው የሚያስፈራው" አለች እፀገነት ቀስ ብላ።

ኡሙሀኒ ወረቀቱን ይዛ አቶ ከተማ ቤት ገባች። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሁለት ወር ሙሉ ሰው ጠጣው። ማን ታመመ?" አሏት።

"ዛሬ የሚታይ አይደለም እኮ። በሰባት ዓመቱ ነው የሚታየው።"

"ይሄ ወረቀት ከወጣ ፓምፑ ይዘጋል። እነዚያ አሮጊት ከአምስተኛ ፎቅ እንደገና ጀሪካን ሊሸከሙ ነው። ይሄንን ይፈልጋሉ?"

"ይዘጋ አላልኩም። ልብስ ይታጠብበት፣ ሽንት ቤት ይደፋበት። ሕፃን አይጠጣው ነው ያልኩት።"

"ኮሚቴው ያየዋል" አሉና ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት። ኮፒው እሷ ዘንድ ነበር።

በነጋታው ፎቶ ቤት ገብታ መብራቱን አበራች፤ ካሜራው ፊት ተቀምጣ ከንፈሯን በሁለት እጇ ገልጣ ጥርሷን ፎቶ አስነሣች። ባልደረባዋ ምኞት ፎቶውን ኮምፒዩተር ላይ ከፍታ በልማድ ማንጣት ስትጀምር ኡሙሀኒ ጮኸችባት። "እጅሽን አንሺ! እንዳለ ይውጣ።" ትልቅ አድርገው አተሙት፤ ከሥሩም እንዲህ ብላ አስጻፈችበት፦ "ይህ የሲጋራ ሥራ አይደለም። ሕፃን ሳለሁ ወተቴ የተበጠበጠበት ውሃ ሥራ ነው። የህንፃችን ጉድጓድ 4.2፤ ልኩ ከ1.5 በታች። ለልጅዎ አያጠጡ። ኡሙሀኒ፣ ሦስተኛ ፎቅ።"

ደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፈችው። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀደደ። ሌላ አሳትማ ለጠፈች፤ ያም ተቀደደ። በሦስተኛው ቀን ስድስት አሳተመችና በየፎቁ አንዳንድ ለጠፈች፤ ስድስተኛውን የራሷ በር ላይ።

"ጥርስሽን በር ላይ ሰቀልሽው?" አለች ሀጂራ። "ሰው በኔ ሙድ እየያዘ ነው፤ እማዬ! ወጥቼ መግባት አፈርኩ።"

"እኔ ያላፈርኩበትን አንቺ ምን አሳፈረሽ?"

ሀጂራ ቁጭ አለች። ከዚያ የሆዷን አወጣችው። "ስድስት ሳምንት ሙሉ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።"

ኡሙሀኒ ልጇን በትከሻዋ ያዘቻት። "ስሚኝ። ይሄን ቃል ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳልሰማው። ያልተነገረሽን አታውቂም። እናት ላይ ተላክኮ ነገሩ እንዲያልቅ አንፈቅድም። ገባሽ?"

በዚያው ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የአምስተኛ ፎቋ ፀደንያ ናት፤ የአራት ወር ልጇን አዝላለች። "ፎቶውን አይቼ ነው" አለች። "የኔም በጡጦ ነው።" ኡሙሀኒ ከወንበሯ ከመነሣቷ በፊት ሀጂራ ተነሥታ ነበር። ማፍላት ለምን እንደማይጠቅም፣ ውሃ ከየት እንደምታመጣ፣ የላቦራቶሪው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁሉንም እሷው ነገረቻት። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት እናቶች ተሰበሰቡ። ስድስተኛዋ የተስፋሁን ሚስት ነበረች።

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው አቶ ከተማ በር ላይ ቆሙ። ኡሙሀኒ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አቶ ከተማ።

"ምንም አይደለም፤ ያንብቡት።"

ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሥሩ የስድስቱ ሕፃናት ስም። "ከዚህ በታች ስማቸው የተጻፈው ልጆች የጉድጓዱን ውሃ ቢጠጡ፣ በጥርሳቸውና በአጥንታቸው ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።"

"ውሃው ደህና ነው ካሉ ይፈርሙልን" አለች ኡሙሀኒ። "ከፈረሙ ፎቶዬን በሙሉ ነቅዬ፣ ይቅርታ ጠይቄዎት እሄዳለሁ።"

አቶ ከተማ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ከሕፃናቱ አንዱ አለቀሰ፤ እናቱ አባበለችው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አላረፈም። ሳይፈርሙ መለሱላት።

"እኔ ለክፉ ብዬ አይደለም የቆፈርኩት" አሉ።

"አውቃለሁ። ለክፉ ነው ያለ የለም። አሁን ግን ያውቃሉ።"

በሦስት ሳምንት ውስጥ ጣሪያው ላይ ሁለተኛ ሮቶ ተሰቀለ። የከተማው ውሃ በፈረቃው ቀን እሱን ይሞላል፤ ከእሱ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ ወረደ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፣ "ለመጠጥ ብቻ" ተባለ። የጉድጓዱ ለልብስና ለዕቃ ሆነ። ሁሉም ደስ አላለውም። ሰማያዊው ቧንቧ ጋ ወረፋ አለ፣ ወርዶ መቅዳትም አለ። አሁንም ሰነፍ ሆኖ ከማድ ቤቱ ቧንቧ የሚጠጣ አይጠፋም። አቶ ከተማ ኡሙሀኒን ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ እንጂ አያናግሯትም። እሷም አላሳደደቻቸውም።

ሙስዓብን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሟ አርባ ቀን ያህል ብዙ አይደለም፣ ምልክት ላይተውም ይችላል፣ ግን ቋሚው ጥርስ ሳይበቅል ምሎ የሚናገር የለም አለች። ሀጂራ ይሄን ስትሰማ አላለቀሰችም። ከማንም ቀድማ ዘወትር ጠዋት ሰማያዊው ቧንቧ ጋ የምትገኘው እሷ ናት።

ሰኔ ላይ አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ ኡሙሀኒን ጠቆሟት። ተነሥታ፣ "የጉድጓዱም የቧንቧውም ውሃ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ፍሎራይዱም ይለካል፣ ውጤቱ እንዳለ ይለጠፋል የሚል መተዳደሪያው ላይ ካልተጻፈ አልገባም" አለች። አንዱ፣ "በየዓመቱ? ድንጋዩ ይቀየራል እንዴ?" አለ። ሌላው ጭቅጭቅ በዛ አለ። ኡሙሀኒ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ደረጃው አመራች። ሁለተኛው ፎቅ ሳትደርስ ተስፋሁን ከታች እየጮኸ ጠራት።

"እትዬ ኡሙሀኒ! ይመለሱ፣ ተጽፏል!"

"በቃለ ጉባኤው ነው በመተዳደሪያው?" አለች ከላይ ሆና።

ተስፋሁን ወደ ግቢው ዞሮ ጠየቀ።

"በቃለ ጉባኤው።"

"እንግዲያው እዚሁ ነኝ" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በመተዳደሪያው እስኪጻፍ ድረስም አልወረደችም።